ለባሌ የቆሙ ዋሶች

በቀደም የጎረቤቴ ልጅ በድብድብ ተከሶ ደብረ ማርቆስ ፍርድ ቤት ሲቀርብ አብሬ ሄጄ ነበር። ጠበቃው የልጅ ልጄ ናት። ዳኛው «ዋስ አለህ?» ብለው ሲጠይቁት አጠገቤ የነበረች ሴት ብድግ አለች። እኔ ሳላስበው ነጠላዋን ይዤ ጎትቼ አስቀመጥኋት። ሰዉ ሳቀ። አርጅታለች ብለው ነው፤ አልፈርድባቸውም።

በጣልያን ጊዜ ገና ሙሽራ ነበርሁ። ያገባኝ የአምበር ሰው ነው፤ አለነ ይባላል፤ ዝምተኛ፣ ከእርሻው በቀር ወሬ የማያውቅ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ለእናቱ ተዝካር ጤፍ በአህያ ጭኖ ወደ ደብሩ ሲሄድ ወታደሮች ያዙት። ለአርበኞች ሊያቀብል ነው አሉ። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ለአርበኛ ያላቀበለ ጥቂት ነው። ያ ጤፍ ግን የተዝካር ነበር፤ በገዛ እጄ ያንጠረጠርሁት።

አማቴ፣ የአለነ አባት፣ በሙግት ስማቸው የተጠራ ሰው ነበሩ። በእኛ ወግ የተከሰሰ ሰው ከሳሹን ፊት ለፊት አቁሞ ይጠይቃል፤ የተከበረ ሰው ዋስ ከሆነለትም እስከ ቀጠሮው ቤቱ ያድራል። አማቴ ይህንኑ ተማምነው በዚያ ጭቃ እስከ ይጁቤ ሄደው ደህና ደህና ሰዎችን ለምነው አመጡ። እኔም ዳቦና የሽምብራ ቆሎ ቋጥሬ ተከተልሁ። ከመንገዱ ዳር ባቄላው አብቦ ሽታው ያውድ ነበር። አለነን ይዘን የምንመለስ መስሎኝ ለእሱም የሚሆን ስንቅ ይዣለሁ።

ችሎቱ ድንኳን ውስጥ ነበር። ጣልያኑ ሹም ረጅም ነገር አነበበ፤ አስተርጓሚው «ለሽፍታ ስንቅ አቀብሏል» ብሎ ባጭሩ ጨረሰው። ማን እንዳየ፣ ማን እንደመሰከረ የተነገረ ነገር የለም። አማቴ እጅ ነሥተው ከሳሹ ይቅረብልን አሉ። ሹሙ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ያን ጊዜ አማቴ ዋሶቹን ጠሩ። ሰዎቹ ጋቢያቸውን አደግድገው አንድ ባንድ ወጡና «ዋሱ እኔ ነኝ» አሉ። ወታደሮቹም የወጣውን ሁሉ በገመድ አሰሩት። አስተርጓሚው፣ የሽፍታ ወገን መሆኑን በአፉ የተናገረ ሰው ሌላ ምስክር አያሻውም አለን። እሱም እኮ ያገራችን ሰው ነው፤ ዋስ ምን እንደሆነ ያውቃል።

አለነ የታሰሩትን አያቸው። «እነዚህን ሰዎች አላውቃቸውም» አለ። «እህሉን ለአርበኛ ያቀበልሁ እኔ ነኝ፤ ብቻዬን።»

አማቴ ወደ ልጃቸው አንድ እርምጃ ተራመዱ። «ልጄ፣ የእናትህ ተዝካር አይደለም ወይ?»

«አባባ፣ የእኔስ ሙግት አልቋል። አሁን የምሟገት ለእነሱ ነው።»

ያንለት ማታው ሳይደርስ ረሸኑት። ዋሶቹንም አልፈቷቸውም። በካሚዮን ጭነው ወደ ደጀን ሲወስዷቸው አየን፤ ከዚያ ወዲያ ያያቸው የለም። አማቴ በየሟቾቹ ቤት ደጃፍ ድንጋይ ተሸክመው ቆሙ፤ ማንም አልወቀሳቸውም፤ አማቴን በቁማቸው የገደላቸው ይኸው አለመወቀሳቸው ነው። ከዚያ በኋላ የሰው ከብት አዝመራቸውን ሲበላ እንኳ ዳኛ ፊት አልሄዱም። እኔም ያን ስንቅ ይዤው ተመለስሁ።

የጎረቤቴ ልጅ በዋስ ተለቀቀ። የልጅ ልጄ በመንገድ ስንመለስ፣ ዋስትና በሕግ የተጻፈ መብት ነው፣ የሚያስፈራ ነገር የለውም እያለች አስረዳችኝ። ልቧ ደግ ነው፤ ሰማኋት። ሕግማ እኛም ነበረን። ያች ነጠላዋን የጎተትሁባት ሴት ዋስነቷን ፈርማ በበሩ እስክትወጣ ድረስ ግን ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ አልተነቃነቅሁም ነበር።