ከባሮኑ በላይ ያለው ወንበር

በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ የሆም ኬር ሠራተኛ ሆኜ በስደት በምኖርበት ከተማ ካፒቶል ሂል በሚባል ሰፈር አንዲት እንግሊዛዊት አሮጊት እጦር ነበር። ጉልበታቸው ከድቷቸው ከወንበር አይነሡም፤ አእምሯቸው ግን እንደ ምላጭ የሰላ ነው። ባላቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እንግሊዝ አገር በአንድ ዩኒቨርሲቲ የብር በትር ተሸካሚ ነበሩ። ሥራቸው በምረቃ ቀን ያንን በትር ይዞ ከቻንስለሩ ፊት ፊት መሄድ ነው። ቻንስለር የተባለው ደግሞ ካባ ለብሶ ከመታየት በቀር ምንም አይሠራም፤ ዩኒቨርሲቲውን የሚመራው ምክትሉ ነው። ይህን ሲነግሩኝ ሳቅሁ። «እንዲህ ያለ ሥራ ካለ ለእኔም ይፈልጉልኝ» አልኳቸው። እሳቸው አልሳቁም።

ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ግብዣ አላቸው። ወንበሮቹን በእንግሊዝ መኳንንት የማዕረግ ተራ እደረድራለሁ፤ መጀመሪያ ዱኩ፣ ቀጥሎ ማርኬሱ፣ ኧርሉ፣ ቫይካውንቱ፣ መጨረሻ ላይ ባሮኑ። ቻንስለሩ በመስኮቱ በኩል ነው። ሻይ ቀድቼ በሩን እከፍትና ቆሜ እንግዶቹን አንድ በአንድ እጠራለሁ። ስም አይነሣም፣ ማዕረግ ብቻ ነው። በማዕረጉ ያልተጠራ ሰው ደፍ አይረግጥም ይሉኛል። የሚገባ ሰው ግን የለም። ከበሩ ውጪ ያለው መወጣጫ ደረጃ ባዶ ነው።

ሬድመንድ ከተማ ሶፍትዌር የሚሠራውን ልጃቸውን ጠየቅሁት። «ሁሉም ሞተዋል» አለኝ። «እሷን ደስ ካላት ጥሪያቸው፣ ምን ይጎዳሻል?» ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ብዬ ተውኩት።

አንድ ሐሙስ ግን «ለከንቲባው ወንበር ጨምሪ» አሉኝ። በወጣትነታቸው የሚያውቁት፣ በየሰልፉ የወርቅ ሐብል አንጠልጥሎ ይሄድ የነበረ የከተማቸው ከንቲባ ነው። ጨመርኩ፣ ጠራሁም። ወደ ቤቴ ልሄድ ስል ልጃቸው ደወለ። ከንቲባው ያን ዕለት ጠዋት እንግሊዝ አገር ማረፉን ሰምቶ ኖሯል። «ለእናቴ ቀስ ብለሽ ንገሪያት» አለኝ። ምን ብዬ ልንገራቸው? ወንበሩን ያስጨመሩኝ እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲያ ያንን በር ስከፍት ጀርባዬን ይበርደኝ ጀመር።

በማዕረግ ወሬ መሐል አባቴ ግራዝማች እንደነበር ነግሬያቸው ነበር። የግራ ክንፍ አዝማች ማለት ነው ብዬ አስረዳኋቸው። አሰቡ አሰቡና «ከቫይካውንቱ በታች፣ ከባሮኑ በላይ» ብለው ፈረዱ። ኮራሁ፤ ለካስ እኔም የሰው ልጅ ነኝ!

አባቴን አብዮቱ በፈነዳ ሰሞን ወሰዱት፤ በዚያው ቀረ። ያኔ ልጅ ነበርኩ። መርዶ የሚያረዳን ሰው አልመጣም። እናቴ እስክትሞት ድረስ ጥቁር አልለበሰችም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የአባቴ መቃብር ግን የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ቤታችን ውስጥ ያለቀሰ ሰው እሱን እንደገደለው ይቆጠር ነበር። እኔም አላለቀስኩም።

ዝናብ ሲያካፋ በዋለ አንድ ሐሙስ አሮጊቷ «ከባሮኑ በላይ አንድ ወንበር ጨምሪ» አሉኝ።

ሲኒ በእጄ እንደያዝኩ «አይሆንም» አልኩ። «አባቴ ሞቷል ያለን የለም።»

«ደረጃው ላይ ቆሟል» አሉኝ፣ ስለ አየሩ ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው። «ከቆመ ሰነበተ። ዝናብ መቶታል። ማዕረጉን በቋንቋው መጥራት የምትችይው ደግሞ አንቺ ብቻ ነሽ።»

ደሜ ፈላ። ሲኒውን አስቀምጬ፣ ካፖርቴን አንሥቼ ልወጣ በሩን ከፈትኩት። ደረጃው እንደ ወትሮው ባዶ ነበር። መውረድ ግን አልቻልኩም። አባቴ ቆሞበታል በተባለ ደረጃ ላይ ገፍቼው እንዴት ልለፍ? ካልጠራሁት በሕይወት አለ፤ ግን እዚያው ብርድ ላይ ነው ያለው።

«ግራዝማች» አልኩ። ድምፄ የእናቴን ድምፅ መሰለኝ።

የአሮጊቷ ዓይን ከደፉ ተነሥቶ ቀስ እያለ እስከ ወንበሩ ድረስ የሆነ ነገር ተከተለ። «ምነው፣ እንዲህ ልጅ ነው እንዴ!» አሉ። «ከአንቺ እኮ ያንሳል።»

ስንት ዓመቱ እንደነበር ነግሬያቸው አላውቅም። እኔ ራሴ አስቤው አላውቅም፤ በሐሳቤ ከእኔ እኩል እያረጀ፣ እየሸበተ ነበር የኖረው። ሰው ሲገባ ብድግ ብሎ «ኖር» ማለትን ያስተማረኝ እሱ ነው። የገባው ሰው «በእግዜር» ካላለ አይቀመጡም።

«ኖር፣ አባዬ» አልኩ።

መልስ አልሰማሁም። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ፣ መንገዱ ላይ መብራት እስኪበራ ድረስ ቆሜ ቀረሁ።

በማግስቱ ቱክዊላ ከሚገኘው ቤቴ ጥቁር ለብሼ ወጣሁ። ጎረቤቴ መኪናዋን ፓርክ አድርጋ ስትወርድ አየችኝና ደነገጠች።

«ውይ በሞትኩት! ማን ነው?»

«አባቴ።»

«ሶ ማን ኮል አደረገልሽ? መቼ አረፉ?»

«ትናንት ከሰዓት» አልኳት፤ እዚያው መኪናው አጠገብ ጮኼ አለቀስኩ።