የተዘቀዘቀችው ብራና

አክስቴ ነገሩን ትተውታል። እኔ ግን ለንደን፣ ኤድመንተን ሰፈር ባለው መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሳሽግ ድንገት ትዝ ይለኝና የማሸጊያውን ፕላስተር ከሚገባው በላይ እጎትተዋለሁ።

ስዊድንን በአውቶቡስ እየዞርን ነበር። አክስቴ ለንደን መጥተው ዊልስደን ሰፈር ከገቡ ጀምሮ ሆሊዴይ የሚባል የዕረፍት ጉዞ ወጥተው አያውቁም። ጉልበታቸው ሳይከዳቸው አንድ ጊዜ እንኳ ሌላ ሰው ባነጠፈው አልጋ ላይ እንዲያርፉ ብዬ ነው ለምኜ ይዣቸው የወጣሁት። ስቶክሆልም ያረፍንበት፣ ቡቲክ የሚሉት ዓይነት በጌጥ የተዋበ ሆቴል ጠባብና ጸጥ ያለ ነው፤ ደረጃው ሳይቀር ሽቶ ሽቶ ይላል። አክስቴ ጫማቸውን አውልቀው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና «እሰይ» አሉ። ከዚያ ዞር ብለው ግድግዳውን አዩ። ወዲያው ተነሡ።

ከአልጋው ራስጌ በላይ ባለች ቀጭን መደርደሪያ ላይ፣ በመስታወት ፍሬም ውስጥ፣ አንዲት የብራና ቅጠል ቆማለች። የግዕዝ ጽሑፍ ናት፤ ከጸሎት መጽሐፍ የተቆረጠች። ተዘቅዝቃለች።

ልጅ ሳለሁ ከእንግሊዞቹ ትምህርት ቤት ስመለስ ኩሽናቸው ውስጥ አስቀምጠው ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ግጥም የምሞክረው በዚያው ፊደል ነው፤ ሌላ አስተማሪ አልነበረኝም። ያ ፊደል ተዘቅዝቆ ሳየው የማውቀውን ሰው በእግሩ የሰቀሉት መሰለኝ።

አክስቴ አንገታቸውን አጣመው ጥቂት አነበቡ። «የማክሰኞ ጸሎት ናት» አሉ። «እንዴት አድርጌ ከዚህ ሥር እተኛለሁ?»

ወርጄ እንግዳ መቀበያው ላይ ለቆመው ወጣት በስልኬ ያነሣሁትን የብራናዋን ፎቶ አሳየሁት። ፊቱ በራ። ቀዩ መስመር ከታች ሲሆን ከትራሱ ቀለም ጋር ይሄዳል፣ ክፍሎቹን ያስዋበችው ባለሙያ ናት እንዲህ ያለችው፣ አለኝ።

«ጽሑፍ እኮ ነው» አልኩት። «ይነበባል።»

«እዚህ የሚያነበው እንግዳ የለም» አለ፣ ክፋት ሳይኖረው።

«እኛስ ምንድን ነን?»

ቀላ። ክፍል ልቀይርላችሁ አለ፤ ግን በሌሎቹም ክፍሎች አንዳንድ ቅጠል አለ። ሙሉ መጽሐፍ ገዝተው ነው ያከፋፈሉት፣ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ እንዲኖረው። ይህን የነገረኝ ኮራ ብሎ ነው።

ጮህኩ። አንድ ሰው ተቀምጦ በእጁ የጻፈውን፣ ስንቱ ቆሞ የጸለየበትን መጽሐፍ ቅጠል በቅጠል ቆራርጠው ለትራስ ማዛመጃ! «ስሜትዎ ይገባኛል» አለኝ። ለንደንም የየመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ስልክ ላይ ሲያቆዩኝ ውለው የሚሉኝ ይህንኑ ነው።

ስመለስ አክስቴ ፍሬሙን አቃንተው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ቆመው እያነበቡ ነበር። እስኪጨርሱ ጠብቄ ታች የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳቸው።

«እትዬ፣ ሻንጣ ውስጥ እንክተታት።»

«ሌባ ልትሆኚ?»

«ሌቦቹ እነሱ ናቸው!»

«እሱን አላውቅም። አንዷን ይዘሽ ስትሄጂስ፣ የቀሩትን ለማን ትተሻቸው ነው?»

 ጥያቄያቸው አናደደኝ።

በማግስቱ አሮጌውን ከተማ ስንዞር ውለን ስንገባ አልጋው ተነጥፏል፣ ፎጣው ተቀይሯል፣ ብራናዋም ተመልሳ ተዘቅዝቃለች። አክስቴ አቃኗት። በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ።

«የምታጸዳው ልጅ ታዝዛ ነው፤ ምን ታድርግ» አሉ።

«እርስዎ ደግሞ ለሁሉም ሰው ምክንያት አያጡም!»

«አንቺ ደግሞ ለማንም አታገኚም። ነይ፣ የቀሚሴን ዚፕ ዝጊልኝ።»

የምንሄድ ለት ሻንጣዎቹን ኮሪደሩ ላይ አውጥቼ ስጠብቅ አክስቴ ዘገዩ። ብቅ ብዬ ሳይ መስታወቱን በነጠላቸው ጫፍ እየወለወሉ ነው። ቀና አድርገው አቆሟት፣ ተሳለሟት፣ ወጡና በሩን ዘጉ። ከዚያ «አትረብሹ» የሚለውን ካርድ እጀታው ላይ አንጠለጠሉ።

«እንወጣለን እኮ፣ እትዬ። ክፍሉ ባዶ ነው።»

«ባዶ አይደለም» አሉ። «ዛሬን እንኳ ትረፍ።»

አውቶቡሱ ሳይነሣ እንቅልፍ ወሰዳቸው። እኔ የሆቴሉን መስኮቶች እስኪሰወሩ ድረስ አየኋቸው። ከአንደኛው በቀር ከሁሉም ጀርባ የተዘቀዘቀ ቅጠል አለ፤ ያም አንደኛው ቢሆን ካርዱ እስኪነሣ ድረስ ነው።