የተረካቢው ስም

እንዳላማው ደብረ ማርቆስ ዳር ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበር። መምህራኑ «ሞዴል ሃያ ሁለት» ይሉታል፤ ያለዚያ የወጪ ቅጽ አንዲት ጠመኔ ከእጁ አትወጣማ። እሱም ስሙን እንደ ሹመት ተቀብሎታል። ዲማ ገዳም በቆሎ ተማሪነቱ የገራው የእጅ ጽሑፉ ሲያርፍበት ተራው ቅጽ ራሱ ወግ ያለው ነገር ይሆናል።

በ1997 ዓ.ም. ትምህርት በቴሌቪዥን ሲጀመር ለየክፍሉ ፕላዝማ መጣ፤ ኮምፒውተሩም ተከተለ። አምስት ዓመት ሳይሞላ አብዛኛው ተበላሽቶ አንድ መማሪያ ክፍል ያዘ። ከተማው ሲሰፋ ደግሞ ተማሪው በዝቶ፣ በአንድ ክፍል ዘጠና ልጅ ተፋፍጎ ይቀመጥ ነበር። ርእሰ መምህሩ አቶ ኃይለ ሚካኤል ተጨነቁ፤ አልፈርድባቸውም። ኮሚቴ ሰብስበው ዕቃው ከግቢው ጀርባ ካለው ገደል ተጥሎ እንዲቃጠል አስወሰኑ። የቀረው የእንዳላማው ፊርማ ብቻ ነበር።

ገደሉን እንዳላማው ያውቀዋል። ብረት ለቃሚዎች ሽቦ የሚያቃጥሉት እዚያ ነው። ከሥሩ የሚወርደው ወንዝ ጎመንና ጌሾ ይጠጣበታል፣ ከብት ይወርድበታል። አሮጌ ባትሪ ከተጣለበት ወዲህ ጥጆች ውኃውን አሽትተው ሲመለሱ በዓይኑ አይቷል።

ቅጹን ይዞ ቢሮ ገባ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ተረካቢ የሚለው ላይ የማንን ስም ልጻፍ?»

«ምን ተረካቢ አለው? ቆሻሻ እኮ ነው።»

«ቁጥር ያለው ዕቃ ነው፣ ተረካቢ ይፈልጋል። ወንዙ እንደሆነ አይፈርምልኝ።»

ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት። ልጆች ቦታ አጥተው እሱ በወረቀት ይጫወታል ተባለ። ይኼኛው አንጀቱን አቆሰለው፤ እውነትም ነበረበትና። ሦስት ቅዳሜ እየተመላለሰ፣ የተበላሸውን ሁሉ አንድ በአንድ ተሸክሞ የገዛ ቢሮው ውስጥ እስከ ጣሪያ ደረደረው። በየዕቃው ላይ ቁጥሩንና ሕመሙን ጽፎ ለጠፈ፦ «መብራት አይቀበልም»፣ «ድምፅ አለው፣ ምስል የለውም»። ልጆቹ ክፍላቸውን አገኙ። እሱ ጠረጴዛውን በረንዳ ላይ አወጣ።

እዚያው ሦስት ዓመት ሠራ። የማርቆስን የሐምሌ ብርድ ለሚያውቅ ይህ ቀላል አይደለም። ጋቢውን ተከናንቦ፣ ዝናቡ ቅጹን እንዳይነካው በክንዱ እየከለለ ይጽፍ ነበር። ያላፌዘበት መምህር ጥቂት ነው።

በ2005 ዓ.ም. አሮጌ ኤሌክትሮኒክስ ፈታትቶ የሚለይ ድርጅት ከአዲስ አበባ የጭነት መኪና ላከ። ይዛው የመጣችው ባለሙያ የብርጓል ትባላለች። ከደጀን ጀምራ ብዙ መሥሪያ ቤት አዳርሳ፣ በየደረሰችበት ያገኘችው መዳቡ የተነቀለ ባዶ ቀፎ ነው። እዚህ ግን አንድ ብሎን አልጎደለም። የተለጠፉትን ወረቀቶች ቆማ አነበበችና ማን እንደ ጻፋቸው ጠየቀች።

«የኛ ሞዴል ሃያ ሁለት ነው» አሉ አቶ ኃይለ ሚካኤል። ያን ቀን ቅጽል ስሙ ከአፋቸው የወጣው እንደ ፌዝ አልነበረም።

እንዳላማው ግን ሥራ ሥራ ነው ብሎ ቅጹን ዘረጋላት። ሦስት ዓመት ባዶ በኖረው መስመር ላይ የብርጓል ሙሉ ስሟን ጻፈች፣ ፈረመች። እሱም እያንዳንዱን ቁጥር እየጠራ መኪናው ላይ አስጫነ።

መኪናው ከግቢው ከወጣ በኋላ ጠረጴዛውን ወደ ቢሮው ሊመልስ ጎንበስ አለ። ቀና ሲል አቶ ኃይለ ሚካኤል ኮታቸውን አውልቀው በወዲያኛው ጫፍ ይዘውለታል።