ከገደል የወጣው ሞተር

ከቤቴ ጀርባ መኪና የሚጠግኑ ልጆች ጋራዥ ከፍተዋል። ጠዋት ጠዋት ሞተር ሲያስነሱ የተቃጠለ ዘይት ሽታ በመስኮቴ ይገባል። ልጆቼ "እማማ፣ ይዝጉት እንጂ፣ ያስልዎታል" ይሉኛል። አልዘጋውም። ያ ሽታ ባሌ ወጣት ሳለ የእጁ ሽታ ነበር። ምንም ቢታጠብ አይለቀው ነበር።

ባሌ የደብረ ታቦሩ ገዥ ሾፌር ነበር። ያን ጊዜ እኛ አገር የሚያደርስ የመኪና መንገድ ስላልነበረ የጌታው መኪና ተፈታትታ በሰው ትከሻ ነው የመጣች። የገጣጠማት ባሌ ነው። ጥቁር ነበረች፤ ፀሐይ ሲያርፍባት ዓይን ትወጋለች። ጌታው ሜዳው ላይ ሲሄዱባት ሴቱ እልል ይላል፣ በቅሎው ይደነብራል። አንድ ታኅሣሥ እስከ ጉና ግርጌ ሄደውባት አደሩ። ውርጩ በሞተሩ ውስጥ የነበረውን ውሃ በረዶ አደረገውና ብረቱ ተሰነጠቀ። በበሬ ተጎትታ ተመለሰች። ሌላ ሞተር ሳይመጣላት ጦርነቱ መጣ። ጌታው ሲዘምቱ ባሌን "አደራህን፣ እስክመለስ ጠብቃት" አሉት። አልተመለሱም። ባሌ ጎተራ ቤት አስገብቶ ጭድ ከመረባት።

ጣልያን መንገድ እየጠረገ ደብረ ታቦር ገብቶ ምሽጉን ሲሠራ የመኪናዋ ወሬ ከጆሮው አልቀረም። የምሽጉ አለቃ ካፒቴኑ ወታደር አስከትሎ መጣና ጭዱን አስገለበጠ። መኪናዋን ሲያያት ሳቀ፤ የተሰነጠቀውን ሞተር ሲያይ ግን ፊቱ ጠቆረ። አስተርጓሚው ዓይናችንን ሳያይ ነበር የነገረን።

"መሸሸግህ አንሶ ሰብረሃታል ይላል። ሞተር ፈልገህ ካላስነሳሃት ገበያ መሀል ትሰቀላለህ ይላል።"

ገበያ መሀል የተሰቀለ ሰው አይተን ነበርና ለማስፈራራት ብቻ እንዳላለው አወቅን። የካፒቴኑ ሐሳብ የጌታችንን መኪና እሱ ሲነዳት አገሩ እንዲያይ ነበር።

ሞተሩስ ከየት ይምጣ? ባሌ መሶቡ አጠገብ ቁጭ ብሎ የነገረኝን አልረሳውም። "ሞተር ሁሉ ለመኪና ሁሉ አይሆንም። ጎኑ ባይገጥም ብረት አስቀጥልበታለሁ። በኋላው ከካምቢዮው ጋር ካልተያያዘ ግን ጎማው አይዞርም፤ ከንቱ ጩኸት ነው።" የወታደሮቹን ካሚዮኖች አንድ በአንድ አየ። ሁሉም ገዘፉበት። የቀረው አንድ ነበር፤ በይፋግ በኩል፣ ከጣራ ገዳም በታች፣ አርበኞች ገደል የጣሉት ታናሽ ካሚዮን። እሱና የጌታው መኪና የአንድ አገር ሥራ ስለሆኑ ሳይገጥም አይቀርም አለ። ወታደሮቹ ግን ወደዚያ ገደል መውረድ አልደፈሩም። ካፒቴኑም "መንገድ ዳር አድርስልኝ፣ ከዚያ እኔ አስጭነዋለሁ" አለው።

ያን ገደል የያዙት አርበኞች ነበሩ፤ ከነሱም አንዱ ታላቅ ወንድሜ ነው። ባሌ ብቻውን ቢወርድ ባንዳ ብለው ይጥሉታል። "ወንድሜ እኔን አይቶ አይተኩስም" አልሁና ስንቅ ቋጥሬ ተነሣሁ። እምቢ ቢለኝም ተከተልሁት።

ገደሉ ውስጥ ጽድና ወይራው ከመጥቆሩ የተነሣ ቀኑ የመሸ ይመስላል። ከላይ የገዳሙ ደወል ይሰማል። ካሚዮኑ ጎማው ወደ ሰማይ ተገልብጦ ሐረግ ወጥቶበታል። ባሌ የአሮጌውን ሞተር ልክ ጠፍር ላይ ቋጥሮ ይዞ ነበርና በሆዱ ተስቦ ከሥሩ ገባ። ብዙ ቆየ። እኔ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ እየደነገጥሁ ቆሜአለሁ። በመጨረሻ ፊቱ በዝገት ቀልቶ ብቅ አለ።

"ገጠመ! የኋላው ልክክ ነው!"

ልጅ የወለደ ሰው ነበር የሚመስል። ወዲያው ከኋላችን ድምፅ መጣ።

"ደስ አለህ፣ አማቼ?"

ወንድሜ ነበር። ከስቶ፣ ጠጉሩ ጎፍሮ፣ ጠመንጃውን አንግቶ። አንገቱ ላይ ተጠመጠምሁ፤ ጭስ ጭስ ይሸታል። እሱ ግን ዓይኑን ከባሌ አልነቀለም።

"ለማን ነው?"

"ለካፒቴኑ" አለ ባሌ። ውሸት አይሆንለትም ነበር።

"እኛ የጣልነውን አንተ ታነሣለት?"

"ካላነሣሁለት ይሰቅለኛል።"

"እንግዲያው ከኛ ጋር ቅር።"

"እናቴ ከተማ ናት። እኔን ሲያጣ እሷን ይሰቅላታል።"

ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ትልቅ ድንጋይ አነሣና በተገለበጠው ካሚዮን ሆድ በኩል ወደሚታየው ሞተር ተራመደ። አንድ ምት ይበቃው ነበር። ሮጬ ሞተሩ ላይ ተደፋሁ፤ ብረቱ ደረቴን ያቀዘቀዘኝ ዛሬም ይሰማኛል።

"ወንድምዓለም፣ መምታትህ ካልቀረ እኔን ምታ። የሙሽርነት ቀሚሴ ሳያድፍ ማቅ ልልበስ?"

ድንጋዩ ከእጁ ወደቀ።

"አይ እቴ" አለ። "ለጓደኞቼስ ምን እላለሁ?"

ምን እንደሚል አልነገርሁትም። አላወቅሁምና።

እሱው ራሱ ከአቅራቢያው መንደር በሬ ለምኖ አመጣ። ባሌ ሞተሩን ፈቶ አወጣው፤ በግንድ ላይ አስረው በጠፍር አስጎተቱት። በሬዎቹ ሲያዳግታቸው ወንድሜ ጋቢውን ጥሎ ከባሌ ጎን ሆኖ ትከሻውን ሰጠ። ሁለቱ በአንድ ትንፋሽ ሲያቃስቱ እሰማ ነበር። መንገዱ ሲታይ ቆመ። ባሌን ሳመው። እኔን ግንባሬን ሳመኝና ወደ ጫካው ተመለሰ።

ደብረ ታቦር አንድ እስላም ብረት ሠሪ ጎኑን የሚያያይዘውን ብረት ቀጥቅጦ ሠራልን፤ ሞተሩ ገባ። የተነሣች ዕለት ድምፅዋን ከተማው ሁሉ ሰማ፤ እልል ያለ ግን የለም። ካፒቴኑ ጥሩምባዋን እየነፋ ወደ ጎንደር ነዳት። ባሌንም ሳይነኩት ተዉት። ቤት ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ።

ጣልያን ከወጣ በኋላ ከወንድሜ ጋር የነበረ አርበኛ ደጃችን መጣ። እግሩን አጠብሁት፣ አበላነው። እስኪጨርስ አልጠየቅነውም።

"መኪናዋ ከገደሉ በላይ ስታልፍ ሰማናት" አለ። "ሞተሩን ማን ሰጠ ተባለ። ወንድምሽ ‘እኔ ነኝ’ አለ። አለቃችን ጠመንጃውን ቀማው። እሱም ‘የራሴን ከጠላት አመጣለሁ’ ብሎ ለሚቀጥለው ውጊያ በዱላ ገባ። ጉና ሥር ነው የወደቀ። አንስተን ልንቀብረው አልተመቸንም።"

ባሌ ተነሥቶ ወጣ። ከዚያ ወዲያ መኪና ሲበዛ ስንቱ "ና ንዳልን፣ ና ጠግንልን" አለው፤ ሞፈር ከመጨበጥ በቀር እጁን ብረት አላስነካም። እኔም ወንድሜን አንድም ቀን አንሥቼበት አላውቅም። ልጆች ወለድን፣ አብረን አረጀን። ጥሩ ባል ነበር።

የሞተው በአልጋው ላይ፣ እጁ በእጄ ውስጥ ሆኖ ነው። ለቅሶው ላይ ሙሾ ሳወርድ የወንድሜን ስም ጠራሁ። ለቀስተኛው ተያየ። አንዲት ጎረቤቴ ክንዴን ይዛ "የባልሽን ስም፣ እቴ፣ የባልሽን" ብላ ሹክ አለችኝ።

አልተሳሳትሁም ነበር። ለወንድሜ ሰው ተሰብስቦለት አያውቅም።