ከረድፉ ራስ

ሰኮሩ መምህር ሆኜ ስመደብ ገና ከኮሌጅ መውጣቴ ነበር። ከጅማ ይዤ የመጣሁት አንድ ሻንጣ ልብስና አንድ ጥቅል ካርቶን ነው። ካርቶኖቹ ላይ የእንግሊዝኛ ቃላት ቤተሰብ በቤተሰብ ሆነው ተጽፈዋል። ቤተሰብ የምለው በመጀመሪያ ፊደሎቻቸው የሚመሳሰሉትንና ርዝመታቸው እኩል የሆነውን ነው። አንዱን ቤተሰብ ለምሳሌ ልጥቀስ፤ ስቶክ፣ ስቶን፣ ስቱል፣ ስቶር፣ ስቶርም፣ ስቶሪ፣ ስቶቭ። ሁሉም በእንግሊዝኛ ሲጻፉ አምስት አምስት ፊደል ናቸው፤ የመጀመሪያ ሦስት ፊደሎቻቸውም አንድ ናቸው። ተማሪ እንዲህ ያሉትን ቃላት እርስ በርስ ያምታታል። ጎን ለጎን ቢያያቸው ግን ልዩነታቸው ይገለጥለታል ብዬ አምን ነበር። አሁንም አምናለሁ።

ስምንተኛ ክፍል ውስጥ እነዚህን ረድፎች ከማንም በላይ የወደደች አንዲት ልጅ ነበረች። አባቷ ጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ ከገበሬ ገዝተው ወደ ጅማ የሚልኩ ነጋዴ ናቸው። ልጅቷ በልጅነቷ ቁርአን ቤት ስለቀራች በቃል መያዝን የተማረችው እዚያ ነው። ኅዳር ላይ ለቀማው ደርሶ ክፍሉ ግማሽ በግማሽ ባዶ ሲሆን እሷም ከእናቷ ዘመዶች ጋር ቡና ለመልቀም ሄደች። ስትመለስ ግድግዳው ላይ የሰቀልኩትን ሁሉ ከነትርጉሙ በቃሏ በዜማ ወጣችው። እየለቀመች ስትለው ነበር የከረመችው።

አባቷ ይህን ሰምተው ምሳ ጠሩኝ። ቤታቸው ስደርስ ከሊሙ የመጡ ሁለት ነጋዴዎች ተቀምጠዋል። ከምሳ በኋላ ልጅቷ ተጠርታ መጣችና መሬት መሬቱን እያየች ረድፎቹን አወረደቻቸው።

«ማሻአላህ!» አለ አንዱ እንግዳ። «ይቺማ ነገ ቡናውን ራሷ ለፈረንጅ ትሸጣለች። እኛን ልታባርረን ነው ወላሂ!»

ሁላችንም ሳቅን። አባቷ በኩራት ወደ እኔ ዞሩ፤ ሲጠሩኝ በኦሮምኛ «ባርሲሳ»፣ መምህር፣ ይሉኛል። «ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ያለችው እህቴ ቤቷ ጠባብ ነው፣ አንድ ልጅ ብቻ ነው የምትይዝልኝ። ይቺ ሚኒስትሪውን ካለፈች እሷ ጅማ ሄዳ ትማራለች። ካላለፈች የወንድሜ ልጅ ይሄዳል፣ እሷ ከእኔ ጋር መጋዘን ትውላለች። ግን ምን ያሰጋል፣ ባርሲሳ? ይኸው ሰማሃት።»

እኔ ደግሞ ነገር ማስረዳት እወዳለሁ። እንግዶቹ ትርጉሙንም እንደምታውቅ ይዩላት ብዬ «በርጩማ በእንግሊዝኛ ምንድን ነው?» አልኳት።

ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ቆይታ «ስቱል» አለች።

«ጎበዝ! ምድጃስ?»

አሁንም ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ይኼኛው ረዘመ። ያን ጊዜ ገባኝ። ምድጃ የሚለው ቃል ረድፉ መጨረሻ ላይ ነው ያለው። እዚያ ለመድረስ ከራሱ ጀምራ ሁሉንም በልቧ ማለት አለባት። በመሃል ከገባች አታገኘውም።

«ተዋታ፣ ባርሲሳ!» አሉ አባቷ። «ትጀምርና ትደርስበታለች። ማን ይቸኩላል?»

«ፈተናው ይቸኩላል፣ ጋሼ» አልኩ።

እንግዶቹ አቀረቀሩ። አባቷ እስከ በር ሸኙኝ፤ ይህን ያልኩት በእንግዳ ፊት ስለሆነ ቅር እንዳላቸው ገብቶኛል።

በሚቀጥለው ሳምንት የሙከራ ፈተና ሰጠሁ። የእሷ ወረቀት የመጀመሪያው ገጽ አንድም ስህተት የለበትም። ሁለተኛው ገጽ ነጭ ነው። ቡናው ዝናብ ሳይነካው ወዴት መግባት እንዳለበት የሚጠይቀውን፣ መልሱ «ስቶር» የሆነውን ጥያቄ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ መጋዘን ውስጥ የሮጠች ልጅ፣ ሰዓት አልበቃት ብሎ አልደረሰችበትም።

ስለዚህ ካርቶኖቹን ከግድግዳ አውርጄ ቆራረጥኳቸው። እያንዳንዱ ቃል ለብቻው ሆነ። በየቀኑ ከክፍል በኋላ ቁራጮቹን በውዤ አንዱን አነሳና ትርጉሙን እጠይቃታለሁ። ከስቶክ ቀጥሎ ግሬቭ ይመጣል፣ ከግሬቭ ቀጥሎ ፕሌት። መጀመሪያ ዘገየች። ቀጥሎ መሳሳት ጀመረች። ማዕበሉን ታሪክ፣ ታሪኩን ድንጋይ ትለዋለች። በመስኮት የሚያዩን ልጆች «ሬዲዮናችን ተበላሸች!» እያሉ ይስቁባታል።

አንድ ቀን ቁራጮቹን ጠረጴዛ ላይ መልሳ አስቀመጠቻቸው።

«ቲቸር፣ ድሮ አውቀው ነበር።»

«አሁንም ታውቂዋለሽ። መንገዱ ነው የተለወጠው።»

«አይደለም። ድሮ ብጠፋ እንኳ ወደ ረድፉ ራስ እመለሳለሁ። አሁን ስጠፋ የምመለስበት የለኝም።»

አውቶቡስ ሲሄድበት ስለኖረ መንገድና አቋራጭ ስለማግኘት አንድ ረጅም ነገር አስረዳኋት። በትህትና ሰማችኝ። እኔ ራሴ ግን ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የቀረን ጊዜ ጥቂት ነው። ባቆም ነጩ ገጽ ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ብቀጥል ደግሞ የያዘችውንም ላስጥላት ነው። በማግስቱ «ከፈለግሽ እንደ ድሮው በረድፍ ጽፌ ልስቀልልሽ» አልኳት።

ቁራጮቹን አየቻቸው። «ከፈረሰ በኋላማ ብንሰቅለው ምን ያደርጋል?» አለችና አንዱን አንስታ ሰጠችኝ። «ይጠይቁኝ።»

ሰኔ ላይ ፈተናው ሲሰጥ እኛ የትምህርት ቤቱ መምህራን ግቢው ውስጥ መግባት አይፈቀድልንም ነበር። አባቷና እኔ አጥሩ ጋ ቆመን ጠበቅን። ቤታቸው ምሳ ከበላሁበት ቀን ወዲህ ብዙም አናወራም። ስትወጣ ሁለታችንም አንድ ላይ ወደ እሷ ሄድን።

«ጨረሽው?» አልኳት።

«ኤዬ፣ ሁሉንም ጨረስኩ።»

አባቷ «አልሀምዱሊላህ!» ብለው ስልካቸውን አወጡ። «እህቴ በየቀኑ ትጠይቀኛለች። የማን ልጅ ነው የሚመጣው ትለኛለች። ምን ልበላት፣ ባርሲሳ?»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። «ቲቸር፣ ትክክል ይሁን አይሁን አላውቅም» አለች ቀስ ብላ። «ድሮ ረድፉን ስል ትክክል መሆኔ ይታወቀኝ ነበር። ዛሬ አንዱም አልታወቀኝም።»

አባቷ ስልኩን እንደያዙ ይጠብቃሉ።

«እሷ ትመጣለች ይበሏት» አልኩ።

ውጤቱ የመጣው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። አልፋለች። ከትምህርቶቿ ሁሉ ዝቅተኛ ነጥብ ያገኘችው ግን በእንግሊዝኛ ነበር። አባቷ ወረቀቱን አንብበው ሲጨርሱ ጣታቸውን የእንግሊዝኛው መስመር ላይ አሳረፉ።

«ይኼኛው ነበር የምትወደው» አሉኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም።

የጅማው አውቶቡስ ሲመጣ ሻንጣዋን እኔ አስጫንኩላት። መንገድ ላይ ብትለማመድ ብዬ ቁራጮቹን በላስቲክ አስሬ ይዤላት ነበር። ተቀበለችኝ፣ አመሰገነችኝ፣ ሳትፈታው የእጅ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና በመስኮቱ በኩል ወደ አባቷ ዞረች።