ጋሽ መቶኛና የኳስ ተጫዋቾቹ ደመወዝ

አባቴ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሂሳብ አስተምሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። የሠፈሩ ሰው «ጋሽ መቶኛ» ይለዋል። ስሙ ዝም ብሎ አልወጣለትም። ዳቦ ገዝቶ መጠኑ ያነሰ ከመሰለው፣ በስንት በመቶ እንዳነሰ እዚያው ቆሞ አስልቶ ለባለዳቦ ቤቱ ይነግረዋል። እኔ ብቸኛ ልጁ ነኝ። ተማሪ ሳለሁ ከመቶ ዘጠና አምስት ይዤ ስገባ የሚጠይቀኝ ስለጎደለችው አምስት ነበር።

እናቴ ደግሞ የከተማችን ትልቁ እግር ኳስ ክለብ ልብስ አጣቢ ናት። ከስታዲየሙ መቀመጫዎች ሥር፣ መስኮቷ ከመሬት እኩል በሆነች ክፍል ውስጥ ሃያ አንድ ዓመት ሠርታለች። በዚያ መስኮት የሚታየው የሰው እግር ብቻ ስለሆነ፣ ከአሰልጣኙ እስከ ፕሬዚዳንቱ ድረስ ሁሉንም በጫማው ትለየዋለች። ተጫዋቾቹ «እትዬ በረኪና» ይሏታል። ከልምምድ በኋላ ማልያው፣ ቁምጣውና ካልሲው ከነጭቃው ተቆልሎ ይመጣላታል፤ በማግስቱ ጠዋት እንደ አዲስ ተጣጥፎ መደርደሪያው ላይ ይገኛል።

እንግዲህ እነዚህ ሁለት ሰዎች እራት ላይ ሲቀመጡ የሚነሳው ወሬ ምን እንደሆነ መገመት አያቅትም። አባቴ ጋዜጣውን አጥፎ ይጀምራል።

«የእናንተ አጥቂ በአንድ ወር የሚያገኘውን እኔ ለማግኘት ስንት ዓመት ማስተማር እንዳለብኝ ታውቂያለሽ? አሥራ አንድ ዓመት ከአራት ወር! አንዲት በአየር የተነፋች ኳስ ለመርገጥ!»

«አንተ ስታስተምር ስንት ሺህ ሰው ትኬት ቆርጦ ሊያይህ ይመጣል?» ትለዋለች እናቴ፣ ቀና እንኳ ሳትል።

«ቢመጣማ አገር ያልፍላት ነበር!»

«በል አሁን ብላ፤ በረደብህ።»

ይህ ክርክር እኔ ከማስታውሰው ጊዜ ጀምሮ አለ። እናቴ የምትከራከረው ደመወዙ ትክክል ነው ብላ አይመስለኝም። ደም የነካው ካልሲ የሚያጥብ ሰውና በጋዜጣ ላይ ቁጥር የሚያነብ ሰው አንድ ዓይነት ነገር ስለማያዩ ነው። አባቴ በበኩሉ በዕድሜው አንድም ቀን ስታዲየም ገብቶ አያውቅም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሬዲዮ የስፖርት ፕሮግራም ላይ አዘጋጁ ለአድማጮች ጥያቄ አቀረበ፦ የተጫዋቾች ደመወዝ በዝቷል ወይስ ተገቢ ነው? አባቴ ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ። መስመሩ እስኪገኝለት ዘጠኝ ጊዜ ደወለ። ሲያነሱለት ደግሞ ሰው የሚያየው ይመስል የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ።

«ጤና ይስጥልኝ። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ» አለ፣ ክፍል ውስጥ በሚናገርበት ድምፅ። «በዝቷል ብቻ አይደለም፤ ልክ አጥቷል! ማስረጃ ከፈለጉ፣ የእነዚህን ልጆች ጭቃ ሃያ አንድ ዓመት ያጠበችው ባለቤቴ ናት። የእሷ የወር ደመወዝ የአጥቂያቸውን የጫማ ማሰሪያ አይገዛም!»

እኔ አፌን በእጄ ያዝኩ። በከተማው ውስጥ ሃያ አንድ ዓመት የተጫዋች ልብስ ያጠበች ሴት አንዲት ብቻ ናት።

እናቴ በዚያች ሰዓት ለእሁዱ ጨዋታ ማልያ እየተኮሰች ነበር። ሬዲዮው መደርደሪያው ላይ ተከፍቷል፤ ሦስት ተጫዋቾች ልብሳቸውን ሊወስዱ በር ላይ ቆመዋል። የባሏን ድምፅ ስትሰማ ክው አለች። ካውያውን ካሳረፈችበት ሳታነሳ ዞራ ሬዲዮውን ለማጥፋት ስትራወጥ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ከማልያው ጀርባ ያለው አራት ቁጥር ቀልጦ ካውያው ላይ ተለጥፏል፤ ጨርቁም ተበስቷል።

አራት ቁጥር የአምበሉ ነው። አምበሉ የሠላሳ ሦስት ዓመት ተከላካይ ሲሆን ደጋፊው «ግንቡ» ይለዋል። በር ላይ ከቆሙት ሦስቱ አንዱም እሱ ነበር። እናቴ ማልያውን አንስታ አየችውና እንባዋ መጣ።

«አይዞዎት እትዬ» አላት፣ በቀለጠው ቀዳዳ አሻግሮ እያያት። «ቆይ፣ ያ ሰውዬ ጋሼ ናቸው?»

«ምን ላድርገው ልጄ? አፉ አያርፍለትም።»

ግንቡ ግድግዳውን ተደግፎ እስኪያስለው ሳቀ። «ሰኞ ጠዋት ይዘዋቸው ይምጡ። አንድ ሳምንት ይዩን። ከዚያ በኋላ በዛ ካሉ በዛ ይበሉ።»

በማግስቱ ግንቡ ከታዳጊው ቡድን የተዋሰውን አርባ አራት ቁጥር ለብሶ ሜዳ ገባ። አባቴ ነገሩን ገና አልሰማም፤ ቴሌቪዥን ላይ ሲያየው «ከአራት ወደ አርባ አራት? ይኼማ የሺህ በመቶ ጭማሪ ነው!» ብሎ ጮኸ።

«ያንተው ሥራ ነው» አለችው እናቴ። ከዚያም የሆነውን ሁሉ ነገረችው፤ ሰኞ በሁለት ሰዓት እንደተጠራም ጨመረችበት።

አባቴ ፊቱ ተለዋወጠ። «ሊደበድቡኝ ነው?»

«ቢደበድቡህስ ምን አለበት? አንተ እንደሆነ በስንት በመቶ እንደተመታህ ትነግራቸዋለህ።»

ሰኞ ዕለት ከረባቱን አስሮ፣ ባለካሬ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ሄደ። በዚያ ሳምንት እረፍት ላይ ስለነበርኩ እኔም ተከተልኩት። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረውም። ወንበር አመጡለት፣ ሻይ ሰጡት፤ የሜዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ መቁጠር ጀመረ። ስንት ጊዜ ሮጡ፣ ስንት ጊዜ ወደቁ፣ ከወደቁት ስንቱ እያነከሰ ተነሳ፤ ሁሉንም ጻፈ። በመጀመሪያው ቀን ፊቱ ላይ የነበረው «አገኘኋችሁ» የሚል ፈገግታ በሁለተኛው ቀን ቀነሰ።

በሦስተኛው ቀን ወጌሻው ክፍል አስገቡት። ግንቡ ሁለቱንም ጉልበቶቹን በበረዶ አስሮ አልጋ ላይ ተዘርግቷል። አባቴ ስንት ጊዜ ቀዶ ጥገና እንደተደረገለት ጠየቀው። አምስት ጊዜ። ከክፍሉ ስንወጣ ወደ ልብስ ማጠቢያው የሚያወርዱ አሥራ አራት ደረጃዎች ነበሩ። ያ ሜዳ ላይ ሰው የማያሳልፍ ጎልማሳ ብረቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ እንደ ሸርጣን በጎኑ፣ አንድ በአንድ ወረደ። አባቴ የስድሳ ስድስት ዓመት ሰው ነው፤ ከእሱ ቀድሞ ታች ደርሶ ጠበቀው። ደብተሩ ላይ ግን ምንም አልጻፈም።

ሁሉም ግን ግንቡን አይመስልም። ያ ስለ ደመወዙ ጋዜጣ የሚጽፍለት አጥቂ በሳምንቱ ውስጥ ሦስት ቀን አርፍዶ መጣ። አንዱን ቀን በቀዩ መኪናው፣ ሌላውን ቀን በነጩ ነው። ጎበዝ ልጅ መሆኑን አባቴም አልካደም፤ ኳሷ እግሩ ላይ ስትደርስ እንደ ድመት ትለምዳለች። ግን ሌሎቹ ሲሮጡ እሱ ስልኩን ያያል። አባቴ በልጁ ስም ፊት ለፊት በቀይ እስክሪብቶ ትልቅ ምልክት አደረገ።

ዓርብ ዕለት ውጤቱን እንዲናገር ሁሉም ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ተሰበሰቡ። ሌላ ባዶ ክፍል አልነበረም። አንዳንዱ ማሽን ላይ ወጥቶ ተቀመጠ፤ ረጅሙ በረኛ ከጣሪያው ቧንቧ ጋር እንዳይጋጭ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ለአንዳንዶቻችሁ በዝቷል» አለና አጥቂውን በመነጽሩ ላይ አሻግሮ አየው። «ለአንዳንዶቻችሁ ልክ ነው። ለአንዳንዶቻችሁ፣ ጉልበታችሁን ካየሁ በኋላ፣ እንዲያውም ያንሳል። ለባለቤቴ ግን በጣም አንሷል!»

«ይኼንን ለማወቅ ሳምንት ሙሉ ሻይ መጠጣት አያስፈልግህም ነበር» አለች እናቴ ከካውያ ጠረጴዛው ኋላ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

ሳቁ ሲበርድ ግንቡ ከቦርሳው የተጨማደደ ወረቀት አወጣ። «ጋሼ፣ ስለ ገንዘቡ ካነሱ አይቀር አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በጋዜጣ የሚጻፈው ደመወዜ በእጄ ገብቶ አያውቅም። ወኪሌ ከመቶ አሥር ብቻ ነው የምወስደው ይለኛል። ሂሳቡ ግን እምቢ አለኝ።»

ወረቀቱ ከወኪሉ ጋር የተፈራረመው ውል ነው። አባቴ መነጽሩን አስተካክሎ ማሽኑ ላይ ዘርግቶ ማንበብ ጀመረ። ሃያ ደቂቃ ያህል አነበበ። ከዚያም ወደ እናቴ ዞሮ «ሃያ ካልሲ ስጪኝ» አላት።

ሃያውን ካልሲ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። «ይኼ ደመወዝህ ነው። ገጽ ሁለት ላይ፣ ለውክልና አሥር በመቶ ይላል።» ሁለት ካልሲ አነሳ። «ይኼንን ታውቀዋለህ። ገጽ አምስት ላይ፣ ለማማከር ሌላ አሥር በመቶ።» ሁለት አነሳ። «ገጽ ሰባት ላይ፣ ጉንዳን የጻፈችው በሚመስል ፊደል፣ ለአስተዳደር አሥራ አምስት በመቶ።» ሦስት አነሳ። ሰባቱን ካልሲ ሰብስቦ ግንቡ እጅ ላይ አኖራቸው። «ከመቶ ሠላሳ አምስት እየወሰደብህ ነው ልጄ።»

ግንቡ ካልሲዎቹን እንደገና ቆጠራቸው። «ከእሱ ጋር ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ» አለ ቀስ ብሎ። አባቴ ሲቆጣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ እንደዚያን ቀን ግን ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም። ለራሱ ደመወዝ እንኳ እንዲያ አልተንገበገበም። ያን ሁሉ ጊዜ በዛ ብሎ የጮኸበት ገንዘብ ባለቤቱ ጋ አልደረሰም ነበር።

በነገታው ሌሎቹ ተጫዋቾች ውሎቻቸውን ይዘው መጡ። የስድስቱ ወኪል ያው ሰውዬ ነው፤ ያው ገጽ ሰባት፣ ያው የጉንዳን ፊደል። ነገሩን ለተጫዋቾች ማኅበር ጠበቃ አቀረቡት፤ አባቴም ካልሲውን ትቶ በሰንጠረዥ አዘጋጅቶ አብሯቸው ሄደ። ወኪሉ ሽቶው ሦስት ክፍል የሚያልፍ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። መጀመሪያ «አሠራራችን ነው» አለ። ጠበቃው ገጽ ሰባትን ጮክ ብሎ እንዲያነብለት ሲጠይቀው ግን እሱም ማንበብ አቃተው፤ ፊደሉ ለራሱ ዓይን እንኳ አልታየውም። ከሁለት ወር በኋላ ሁለቱ አንቀጾች ተሰረዙ፤ በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት በትርፍ የተወሰደው ገንዘብም ከግንቡ ጋር ለሰባቱም ተመለሰላቸው። የቀሩት የግንቡ አምስት ዓመታት እንደ ጠፉ ቀሩ።

ከዚያ በኋላ ተጫዋቾቹ አባቴን በሳምንት ሁለት ቀን ሂሳብ እንዲያስተምራቸው ለመኑት። አብዛኞቹ በአሥራ አራትና በአሥራ አምስት ዓመታቸው ከትምህርት ቤት የወጡ ናቸው። ግንቡ «ጋሼ፣ በነፃ አይሆንም። ለአንድ ሰዓት ስንት እንክፈልዎት?» አለው።

አባቴ አሰበ፤ ጣሪያውን አየ፤ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ አንድ ቁጥር ተናገረ። እናቴ የያዘችውን ባልዲ አስቀመጠች። ተጫዋቾቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ጋሼ» አለ በረኛው በትሕትና፣ «አልበዛም?»

«ሙያ ነው!» አለ አባቴ፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ። እኔና እናቴ በሳቅ ፍርስ አልን። በመጨረሻ በግማሹ ተስማሙ።

ክለቡ የእናቴን ደመወዝ በአሥራ ሁለት በመቶ ጨመረ፤ አንድ ትልቅ ማድረቂያ ማሽንም ገዛላት። አባቴ አሥራ ሁለቱን ሰምቶ ደሙ ፈላ፤ አራት ገጽ ደብዳቤ ጽፎ ለፕሬዚዳንቱ ላከ። እስካሁን መልስ አልመጣም። እናቴ ግን ለማሽኑ ነው ደስ ያላት። በክረምት እርጥብ ልብስ ስታሰጥ ጣቶቿ ይቆራመዱ ነበር።

የውድድር ዓመቱ ሲያልቅ አባቴ ፈተና አወጣ። አጥቂው አልቀርም ብሎ ኋላ ተቀምጧል፤ ወደ ትምህርቱ የመጣው ግማሹ ካለፈ በኋላ፣ ጓደኞቹ ቀልደውበት ነው። የመጨረሻው ጥያቄ እንዲህ ይል ነበር፦ አንድ ተጫዋች ከሃያ ሁለት ዓመቱ እስከ ሠላሳ አራት ዓመቱ ተጫውቶ እስከ ሰባ ዓመቱ ቢኖርና ሌላ ገቢ ባይኖረው፣ የአንድ ወር ደመወዙ ለስንት ወር ሊበቃው ይገባል?

አጥቂው ቀድሞ ጨረሰ። መልሱን አየ፤ ሰርዞ እንደገና ሠራው። ያው መጣ። እጁን አወጣ።

«ጋሼ፣ እኔ ጋ አራት ወር ይላል። ስህተት ነው አይደል?»

«ልክ ነው።»

«አራት ወር?» አለ ልጁ። «ለእኔ እኮ የአንዱ ወር ለሃያ ቀንም አይበቃኝም።»

ማንም አልሳቀበትም። አባቴ ሄዶ አጠገቡ ተቀመጠና እስክሪብቶውን ወስዶ ሌላ ወረቀት አወጣ። ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው ሲጽፉ ቆዩ፤ ሌሎቹ አንድ በአንድ ወረቀታቸውን አስረክበው ወጡ፤ እናቴ የተጣጠፈውን ልብስ መደርደሪያው ላይ ደርድራ ጨረሰች። በሳምንቱ ልጁ ቀዩን መኪና ሸጠ።

አባቴ የፈተናውን ውጤት ይዞ ቤት ሲገባ ፈገግታውን መደበቅ አልቻለም። አጥቂው ከሃያ አሥራ ስድስት አግኝቷል። ወረቀቱን ለእኔና ለእናቴ ሁለት ጊዜ አሳየን፤ ከዚያም ቡፌው ውስጥ፣ የእኔ የድሮ ሰርተፍኬቶች ባሉበት መሳቢያ አስቀመጠው።