የማይተፋው አረፋ

ልጄ ፀጉሯን ስጎነጉናት ታለቅሳለች። ያን ቀንም አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ አፏን ከፍታ ስትጮህ ነው ያየሁት። ከታች በኩል፣ መጨረሻ ላይ ባለው መንጋጋዋ ጥቁር ነጥብ አለ። ጤፍ የተጣበቀባት መስሎኝ በጣቴ ጠረግሁት። አልለቀቀም።

እኔ የጥርስ ነገር እፈራለሁ። ታላቅ እህቴ ልጅ ሆና ጥርሷን ሲያማት «ይተዋታል፣ ይተዋታል» ተብሎ ከረመና ፊቷ አበጠ። መግሉ በአገጯ ሥር ቆዳዋን ቀዶ ወጣ። ተርፋለች፤ ግን ጠባሳው እስከ ዛሬ እንደ ጎደጎደ ነው፤ ሻሿን ወደዚያ በኩል ሳብ አድርጋ ነው የምታስረው። እናቴ ያን ጊዜ እንዴት ሆና እንደነበር አይቻለሁ። እኔ ያንን ማየት አልፈልግም።

ልጄን ይዤ ጎረቤቴ ጋ ሄድሁ። በዕድሜ ከእኔ ከፍ ያለች፣ ደጃፏ ላይ ትንሽ ሱቅ ያላት ሙስሊም ናት። ልጆቼ ከእኔ ቤት ይልቅ የእሷን ቤት ያውቁታል።

«አብሽሪ» አለች የልጄን አፍ አየት አድርጋ። «የወተት ጥርስ ነው። ይወልቅና ጣራ ላይ ትወረውረዋለች። ሰባት ዓመቷ አይደል?»

«ሰባቷ ነው። ግን ጠቁሯል እኮ።»

«ትል ከሆነም እምቧይ አጭሽላት፣ ይረግፋል። እኔ አፌ ውስጥ የቀሩኝን ብትቆጥሪ ከእሷ ያንሳሉ፤ ምን ሆንሁ? ሥጋውም አላመለጠኝ!»

አሳቀችኝ፤ ፍርሃቴ ግን አልለቀቀኝም። በማግሥቱ መካነ ሰላም ከተማ፣ ጥርስ ወደሚታይበት ወሰድኋት። ባለሙያዋ ወጣት ሴት ናት። መብራት አብርታ፣ በትንሽ መስታወት አገላብጣ አየቻት።

«እናቴ፣ ይሄ የወተት አይደለም» አለችኝ። «ልጆች ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው፣ አንድም ጥርስ ሳይወልቅ፣ ከኋላ በኩል ብቻውን የሚበቅል ነው። ለዚህ ነው ሰው ሁሉ የወተት የሚመስለው። ይሄ ከሄደ ምትክ የለውም።»

«ትነቅይዋለሽ?»

«ለምን እነቅለዋለሁ? ገና ላዩን ነው የነካው። ቢሞላ ጥሩ ነበር፤ የሚሞላበት ግን አልቆብናል። ወይ ደሴ ይወስዷታል፣ ወይ እስኪመጣልን ድረስ እንዳይሰፋ እንይዘዋለን።»

ክረምት ነው። መንገዱ ጭቃ፣ እርሻው አረም ላይ፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ ሕፃን አለ። እንያዘው አልሁ።

ትል የሚባል ነገር እንደሌለ ነገረችኝ። በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን የምትበላውን ስኳር ወደሚያቃጥል ነገር ይለውጡታል፤ ጥርሱን የሚቦረቡረው እሱ ነው። ስኳር ያለው ሻይ ከሆነ ከምግቧ ጋር ጠጥታ ትጨርስ እንጂ ቀኑን ሙሉ ፉት ስትል አትዋል፤ ጥርሱ ዕረፍት ያጣል። ጠዋትና ማታ አተር በምታክል የጥርስ ሳሙና ትቦርሽ፤ አረፋውን ትትፋው፣ አትዋጠው። ማታ ከቦረሸች በኋላ ከውሃ በቀር አፏ ምንም አይግባ። ማንበብ ብዙም ስለማይሆንልኝ እየደጋገምሁ አስነገርኋት፤ አልሰለቸችም።

ከዚያ ፍልሰታ ገባ። በፍልሰታ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ይጾማሉ፣ በየቀኑ አስቀድሰው ይቆርባሉ፤ ልጄም ከእኩዮቿ ተለይታ አትቀርም። የቆራቢ አፍ ደግሞ ከቅዳሴ በፊት ውሃ አይነካውም። ስለዚህ የጠዋቱ መቦረሽ ቀረ። የማታውን አጥብቄ እይዛለሁ አልሁ።

በመጀመሪያው ቀን እራቷን በልታ ብሩሹን ሰጠኋት። ደህና አድርጋ ፈተገች። ከዚያ ጉሮሮዋ ከፍ ዝቅ ሲል አየሁ።

«ምን አደረግሽ?»

«ዋጥሁት።»

«ትፊው አልተባልሽም?»

«እማ! ቆርቤያለሁ እኮ!»

እውነቷን ነው። የቆረበ ሰው አይተፋም። ዝንብ አፍሽ ቢገባ እንኳ እንዳትተፊ ብዬ ያስተማርኋት እኔው ነኝ። ያን ምሽት ሆዷን ደጋግሜ እየዳሰስሁ «ያምሻል?» ስላት «አያመኝም፣ ተይኝ ልተኛበት» አለችኝ።

ከቁርባኑ ላስቀራት? ልጅ ናት፣ እያለቀሰች ትውላለች፤ እኔም አይሆንልኝም። መቦረሹን ላስቀር? የእህቴ አገጭ ዓይኔ ላይ መጣ። በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባታችንን ከቤተ ክርስቲያኑ ዋርካ ሥር ጠበቅኋቸው።

«አባ፣ ከየትኛው ላስቀራት?»

ሁሉንም ሰሙኝ። «ከየትኛውም አታስቀሪያት» አሉ። «ቆርባ ሳለ ቢያስመልሳት ምን ታደርጊ ነበር?»

«በጨርቅ ሰብስቤ አቃጥለው ነበር።»

«አረፋስ ከዚያ ይበልጣል? በንጹሕ ጨርቅ ትጥረገው፤ ጨርቁን እሳት ይብላው።» ከዚያ አፋቸውን በነጠላቸው ከለል አድርገው ሳቅ አሉ። «ይሄን ሙያ የእኔ ጥርስ ሳያልቅ ብታመጪው ምን ነበረበት!»

አሮጌ ነጠላ ቀደድሁ። ማታ ማታ ትቦርሻለች፣ አረፋውን ከምላሷም ከከንፈሯም በጨርቁ ትጠርጋለች፣ እኔ ጨርቁን ምድጃ ውስጥ እጨምረዋለሁ።

«ምንድን ነው የምታቃጥይው?» አለች ጎረቤቴ። «ቤትሽ ከረሜላ ከረሜላ ይሸታል።»

ከረሜላ ስትል መናገሪያ አገኘሁ። ከቅዳሴ ሲመለሱ ደጃፏ ላይ ቆማ ለቆራቢ ልጆች ሁሉ ከረሜላ የምታድል እሷ ናት። «ለእኔዋ አትስጫት» አልኋት።

ፊቷ ተለወጠ። «ሌላው ሁሉ እየወሰደ እሷን ባዶ እጇን ልሸኛት? አላህም አይወደው!»

«ንፍሮ ስጫት።»

«ለቆራቢ ንፍሮ? ወላሂ፣ አንቺ ሱቄን ልታዘጊው ነው!»

አኮረፈችኝ። በማግሥቱ ግን ልጄ የባቄላ ንፍሮ በእፍኟ ይዛ መጣች፤ ሌሎቹ ልጆችም ከረሜላቸውን በአንድ ጉንጫቸው ይዘው ንፍሮዋን ይሻሟታል።

ፍልሰታ ተፈትቶ መካነ ሰላም ተመልሰን ሄድን። የጨርቁን ነገር ለባለሙያዋ ስነግራት ትስቅብኛለች ብዬ ነበር።

«ከጠረገችው በኋላ በውሃ ተጉመጠመጠች?» አለችኝ።

«የለም። የቆረበ አይጉመጠመጥም።»

«ደግ ነው። አረፋው ብቻ ይውጣ እንጂ ሳሙናው ጥርሱ ላይ ሲቆይ ነው የሚጠቅማት። ከእንግዲህም ትትፋው፣ አትጉመጥመጥ።»

ከዚያ መሣሪያዋን አስገባች። እኔ አግዳሚውን ጨብጬ ቆየሁ።

«በዚህ አጭር ጊዜ ብዙ ለውጥ አይጠበቅም» አለች። «ግን አልሰፋም። እንዲሁ ያዙት፤ የሚሞላበት ሲመጣ እንደውልልዎታለን።»

ዳነ አላለችኝም። አልሰፋም ነው ያለችኝ፤ እሱን ይዤ ተመለስሁ።

ማታ ልጄ ቦርሻ ስትጨርስ፣ አፏ አረፋ እንደሞላ፣ እጇን ዘረጋችልኝ፤ ጨርቁን ፈልጋ ነው።

«ዛሬ አልቆረብሽም፣ ትፊው!» አልኋት።

ወደ በሩ ሮጣ ከአጥሩ ሥር ተፋችውና ምን ያህል እንደራቀላት እንድመለከትላት ጠራችኝ። አየሁላት። ከዚያ አገጯን ይዤ አፏን አስከፈትኋት። ነጥቡ እዚያው ነው። ጤፍ ያክላል፤ እንደ ትናንቱ።